የቦንዳይ ዕድር፦ የአውስትራሊያ ሰርፍ ክለቦች ታሪክና ሥራ

(በምዕራብ ሲድኒ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን እንደ እኛው ነው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ጥሪውን አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ ቦንዳይ ወርዶ የማያውቅ ቤተሰብ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በባቡር እስከ ቦንዳይ ጀንክሽን፣ ከዚያ በ333 አውቶቡስ፤ ዳቦውና ሻዩ በዘንቢል፣ ልጆቹ ከፊት ከፊት። ዳርቻው ላይ ስትደርሱ አሸዋው ላይ የተተከሉ ሁለት ባንዲራዎች ታያላችሁ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ፣ ከእኛ ባንዲራ አረንጓዴው የቀረ የሚመስሉ። በእነሱ መካከል ብቻ ዋኙ ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ከባንዲራዎቹ አጠገብ ቢጫ ሸሚዝና ቀይ ቁምጣ የለበሱ ሰዎች ቆመው ባህሩን ያያሉ። አንዷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሌላው ጡረታ የወጡ አዛውንት። ሰማያዊ የለበሱት ጠባቂዎች የአካባቢው ምክር ቤት ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍላቸው ናቸው። ቢጫና ቀይ የለበሱት ግን ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም እዚያ ፀሐይ ላይ ለመቆም በየዓመቱ የአባልነት መዋጮ ይከፍላሉ።

ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ ክለባቸው ነው። ሰርፍ ክለብ ሲባል ብዙዎቻችንን የሚታየን ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል የሚጋልብ ጎረምሳ ነው። እሱም አለ፤ እመጣበታለሁ። በአውስትራሊያ ግን ሰርፍ ክለብ የሚባለው ከሁሉ አስቀድሞ ሰው እንዳይሰጥም የሚጠብቅ ማኅበር ነው። ለእኛ ሰው ለማስረዳት ከዕድር የቀረበ ነገር አላገኘሁም። ዕድር ከሞት የተወለደ ነው፤ ይህም እንዲሁ። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ እዚህም አሉ። ዕድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ያስቀምጣል፤ እነዚህ ጀልባ፣ ገመድና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ዕድርተኛ ከቀብር ቢቀር ይቀጣል፤ እዚህም ተራውን የዘለለ ሰው ይጠየቃል። ልዩነቱ የእኛ ዕድር የሚያውቀውን ሰው ይቀብራል፤ ይኼኛው የማያውቀውን ሰው ከውሃ ያወጣል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከክልከላ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ በ1830ዎቹ የወጣ ሕግ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባህር መግባትን ከልክሎ ነበር። ለሰው ነፍስ ታስቦ አይደለም፤ ነውር ነው ተብሎ ነው። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ እንደዚያው ቆየ። በ1902 ዊልያም ጎቸር የሚባል፣ ማንሊ በተባለው የሲድኒ ዳርቻ የጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ ሰው በቀትር ባህር እንደሚገባ በራሱ ጋዜጣ አስነገረና ገባ። ማንም አልነካውም። ደግሞ ገባ፤ አሁንም ዝም። ሰውየው ዝምታው ሳያናድደው አልቀረም፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲገባ ፖሊስ ያዘው፣ ክስ ግን አልተመሠረተበትም። በቀጣዩ ዓመት የማንሊ ምክር ቤት ከአንገት እስከ ጉልበት የሚሸፍን ልብስ የለበሰ ሁሉ በቀን መዋኘት እንዲችል ፈቀደ። ሌሎቹ ዳርቻዎችም ተከተሉት።

በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ጎረፈ። ከከተማ በትራም የመጣው ሰው አብዛኛው ዋና አያውቅም፤ ዋና የሚያውቀውም ማዕበል አያውቅም። ማዕበሉን የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ። የዚህች አገር ነባር ሕዝቦች በእነዚህ ዳርቻዎች ለሺህ ዓመታት ዓሣ ሲያጠምዱና ሲዋኙ ኖረዋል። በማንሊ ደግሞ በአትክልተኝነት ይሠራ የነበረ ቶሚ ታና የሚባል ወጣት ነበር፤ ስሙ የእኛን ጣና ያስታውሳል እንጂ የመጣው ዛሬ ቫኑዋቱ በምትባለው አገር ካለችው የታና ደሴት ነው። ያለ ሰሌዳ፣ በደረት ብቻ ማዕበል ላይ ተንሸራቶ ወደ ዳር መውጣትን የማንሊ ልጆች የተማሩት ከእሱ ነው ይባላል። ከሰሎሞን ደሴቶች የመጣው አሊክ ዊካም ደግሞ ዛሬ ልጆቻችሁ በመዋኛ ገንዳ የሚማሩት የክሮል አዋዋኝ በሲድኒ እንዲስፋፋ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ነው፤ በብሮንቴ የባህር ገንዳ ሲዋኝ አሠልጣኞች ቆመው ያዩት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አውስትራሊያ በ1901 ባወጣችው ሕግ የፓስፊክ ደሴቶች ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለች፤ ከጥቂቶቹ በስተቀር ከ1906 መጨረሻ በኋላ የተገኘውም ወደ አገሩ እንዲመለስ አዘዘች። የመጀመሪያው የነፍስ አድን መሣሪያ ቦንዳይ ላይ ለሕዝብ የታየው በዚያው በዲሴምበር 1906 ነው። ሰው ማዳን የተደራጀበትና ማዕበሉን ያስተማሩት ሰዎች ወገኖች የመባረሪያ ቀነ ገደብ የዋለበት ወር አንድ ነው። የክለቦቹ የመታሰቢያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይህን አያነሱም። እኔ የማነሳው ክለቡን ለመውቀስ ብዬ ሳይሆን በሩ ከጅምሩ ለማን ክፍት፣ ለማን ዝግ እንደነበረ ካላወቅን በኋላ የመጣው ስለማይገባን ነው።

ሰው የሚሞተው እንዴት ነበር? ዛሬም እንደሚሞተው ነው። ማዕበል ውሃውን ወደ ዳር ይገፋዋል። የተገፋው ውሃ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም አሸዋው በጎደለበት በኩል፣ ጠለቅ ያለ ቦይ ይዞ ነው። ይህ ወደ ውስጥ የሚሄድ ጅረት ሪፕ ይባላል። ከዳር ለሚያየው ነጭ አረፋ የሌለበት፣ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ ጸጥተኛ ውሃ ነው። ግራና ቀኙ ይንጫጫል፣ መካከሉ ዝም ብሏል። ልጅ ይዞ የመጣ አባት የትኛውን ይመርጣል? ዝም ያለውን። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ቦንዳይን ሳያዩ ነው፤ አይተውት ቢሆን ኖሮ ሌላ አባባል ባላስፈለጋቸው ነበር። የዚህ ዳርቻ ደቡባዊ ጫፍ በቋሚነት የሚፈጠር ሪፕ አለው፤ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ አዝለው በሚዞሩት ወጣት ቱሪስቶች ስም ነው የሚጠራው፣ ምክንያቱም ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ በቅርብ የሚያገኘው ውሃ እሱ ነው። እኛም ከዚያው አውቶቡስ ነው የምንወርደው።

ሪፕ ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚወስደው። የሚገድለው ድካሙ ነው። ሰው ዳር ለመድረስ ፊት ለፊት ይታገለዋል፤ ጅረቱ ሲበረታ ግን የኦሊምፒክ ዋናተኛም አይችለውም። ለዚህ ነው በክለብ መጀመሪያ የሚያስተምሩት፦ አትታገል፣ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ አንድ እጅህን ወደ ላይ አንሳ። አቅም ካለህ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጎን ዋኝ፤ ማዕበሉ ወደሚሰበርበት። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህን አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋኝም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነፍስ አድን የጀግና ሥራ ነበር። አንድ ሰው ይጮኻል፣ በዳር ካሉት ደፋሩ ይገባል፣ አንዳንዴ ሁለቱም አይመለሱም። ከዚያ ተራ በተራ ማኅበር መቋቋም ጀመረ። የመጀመሪያው ማን ነው ካላችሁ ጎረቤታሞቹ ቦንዳይና ብሮንቴ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ብሮንቴዎች እኛ በ1903 ጀምረናል ይላሉ፤ ቦንዳዮች በፌብሩዋሪ 1907 ሮያል ሆቴል ተሰብስበን በሥርዓት የተመሠረትነው እኛ ነን ይላሉ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ነው፤ ማንም እንዲሸመግላቸው አልጠየቁም፣ ሲያዩዋቸው ክርክሩን የወደዱት ይመስላሉ። በዚያው በ1907 ኦክቶበር ላይ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክለቦች አንድ ማኅበር መሠረቱ። የዛሬው አገር አቀፍ የነፍስ አድን ድርጅት የወጣው ከዚያ ነው።

ቅድም ያነሳሁት መሣሪያ ትልቅ የገመድ ማጠንጠኛ ነው። ላይስተር ኦርምስቢ የተባለ የቦንዳይ ሰው ሐሳቡን በክር ማጠንጠኛና በፀጉር ሽቦ ሠርቶ አሳየ ይባላል፤ ፈጣሪው ሌላ ነው የሚሉም አሉ። አሠራሩን ልግለጽላችሁ። ከእንጨት ፍሬም ላይ የተገጠመ ትልቅ መዘውር አሸዋው ላይ ይቆማል፤ ረጅም ገመድ ተጠምጥሞበታል። የገመዱ ጫፍ ከአንድ ዋናተኛ ቀበቶ ጋር ይታሰራል። ዋናተኛው ሲገባ አንዱ መዘውሩን ይይዛል፤ ሌሎቹ ዳር ላይ ተደርድረው ገመዱ አሸዋ እንዳይነካ፣ በማዕበሉም እንዳይያዝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያሳልፉታል። የሚሰጥመው ሰው ጋ ሲደርስ ዋናተኛው እጁን ያነሳል። ያን ጊዜ መዘውሩ መዞር ይጀምራል፤ ሁለቱም እየተጎተቱ ይመጣሉ። ፈጥኖ ከተጠቀለለ ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ይነክራቸዋል፤ ከዘገየ የሚሰጥመው ሰው ትንፋሽ ያልቅበታል። ገመዱ በባህር አረም ተይዞ ዋናተኛውን ራሱን ያሰጠመበት ጊዜም ነበር። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቶ በ1990ዎቹ ነው ጡረታ የወጣው። ዛሬ በየክለቡ አዳራሽ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል።

በጃንዋሪ 1907 ቦንዳይ ላይ ከመስጠም ከዳኑት ልጆች መካከል ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ልጅ አድጎ አብራሪ ሆነ፤ በ1928 ከባልደረቦቹ ጋር ከአሜሪካ ተነስቶ ፓስፊክን በአውሮፕላን በማቋረጥ አውስትራሊያ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ብዙዎቻችን ሻንጣችንን እየጎተትን ወደዚህ አገር የገባንበት የሲድኒ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው በእሱ ስም ነው።

መሣሪያው የተመሰገነውን ያህል፣ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ፈጠራቸው ነው፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ዝርዝር። በዚህ እሑድ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት እነ እገሌ ተረኛ ናቸው የሚል። ማጠንጠኛው አንድ ጀግና አይበቃውም፤ አምስት ስድስት ሰው በቦታው ካልተገኘ እንጨት ነው። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚቆም መወሰን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ማዳን የደፋር ሰው ውለታ መሆኑ ቀርቶ የተረኛ ግዴታ ሆነ። የሚሰጥመው ሰው ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ወይ፣ ተረኛው አይጠይቅም። ተራው ነው። በ1910 የብቃት ፈተና ተጨመረበት፤ የነሐስ ሜዳሊያ ይሉታል፣ እስከ ዛሬም የነፍስ አዳኝ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ቀይና ቢጫው ባንዲራ ራሱ የመጣው ዘግይቶ በ1935 ነው።

ይህ ሥርዓት የተፈተነበት ቀን ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938 ነው። እዚህ አገር ጥቁሩ እሑድ ይሉታል። ቦንዳይ በሰው ተሞልቷል፤ ብዙ መቶ ሰዎች ከዳር ራቅ ብሎ በተቆለለ የአሸዋ ደለል ላይ ቆመው ይጫወታሉ፣ ውሃው ከወገባቸው አይበልጥም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ተከታታይ ትላልቅ ማዕበሎች መጡ። አንዱ ሳይመለስ ሌላው ስለተደረበ ውሃው ዳር ላይ ተከማቸ፤ ሲመለስ ደለሉ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርጎ ወደ ጥልቁ ወሰደው። የዕድል ነገር ሆኖ በዚያች ሰዓት የክለቡ አባላት ለውድድራቸው ዳርቻው ላይ ተሰብስበው ነበር። ማጠንጠኛዎቹ ሁሉ ወጡ። በድንጋጤ ያበደ ሰው ገመዱን ራሱን እየያዘ ስላስቸገረ ብዙዎቹ ቀበቶውን ትተው ባገኙት ሰሌዳና በባዶ እጃቸው ገቡ። ወደ 250 ሰው ወጣ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሕይወታቸው ያለፈ የመሰሉ ብዙዎች አሸዋው ላይ ተዘርግተው ትንፋሻቸው ተመልሷል። አምስት ሞት ትንሽ አይደለም። ክለብ ባይኖር የዚያን ቀን ሬሳ የሚቆጠረው በመቶ ነበር።

አሁን ስለ ሴቶቹ። በ1914 መጨረሻ የሃዋዩ ዋናተኛ ዱክ ካሃናሞኩ፣ በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ወርቅ ያገኘው፣ ሲድኒ መጣ። ከዚሁ ከሲድኒ በተገዛ እንጨት ሰሌዳ ጠርቦ በፍሬሽዋተር ዳርቻ ማዕበል ላይ ቆሞ ሕዝቡን ጉድ አሰኘ። በዚያው በጋ ኢዛቤል ሌታም የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አብራው ቆማ ማዕበል ጋለበች። ሰሌዳው ዛሬም በፍሬሽዋተር ክለብ ይገኛል፤ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ኢዛቤል አድጋ በካሊፎርኒያ የዋና መምህርት ሆነች። የአውስትራሊያን የነፍስ አድን ዘዴ እዚያ ለማስተማር ብላ የማንሊን ክለብ አባልነት ስትጠይቅ ሴት ስለሆነች ኃይለኛ ባህር አትችልም ተብላ ተመለሰች። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወንዶቹ ሲዘምቱ ዳርቻ ላይ ሴቶች ቆመዋል፤ ወንዶቹ ሲመለሱ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ሴቶች ሙሉ መብት ያላቸው ተረኛ ነፍስ አዳኞች የሆኑት በ1980 ነው። ከጥቁሩ እሑድ አርባ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ዛሬ ከአባላቱ ሴቶቹ ግማሽ ገደማ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ በብዙ ክለቦች የተረኛው ዝርዝር አይሞላም ነበር።

ስለ ሰሌዳ ጋላቢዎቹ ቃል ስለገባሁ ባጭሩ ልበል። በ1956 የሜልበርን ኦሊምፒክ ሰሞን በቪክቶሪያ ቶርኪ በተባለ ዳርቻ ዓለም አቀፍ የነፍስ አዳኞች ውድድር ተደረገ። አሜሪካኖቹ ከባልሳ እንጨት የተሠሩ አጭርና ቀላል ሰሌዳዎች ይዘው መጡ። የአውስትራሊያ ልጆች እነዚያን ሰሌዳዎች ካዩ በኋላ በከባዱ ሰሌዳ መርካት አቃታቸው። ማዕበሉ ጥሩ በሆነበት እሑድ ባንዲራ ሥር መቆም ደግሞ የባሰ እስር መሰላቸው። ብዙዎቹ ክለቡን ለቀው የራሳቸውን የሰሌዳ ጋላቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ለዓመታት ሁለቱ ወገኖች በክፉ ዓይን ሲተያዩ ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን ሰነፍ፣ ሌላው አንዱን ወታደር እያለ። ዛሬ ብዙ ልጆች በሁለቱም ውስጥ ናቸው።

ወደ 2005 ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በዲሴምበር መጀመሪያ በክሮኑላ ዳርቻ በነፍስ አዳኞችና በሊባኖሳውያን ልጆች መካከል በተነሳ ጠብ ሦስት ነፍስ አዳኞች ተደበደቡ። ወሬው በሞባይል መልእክት ተራብቶ በሳምንቱ፣ ዲሴምበር 11፣ ወደ አምስት ሺህ ሰው ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ የመሰላቸውን ሁሉ ደበደቡ። በአጸፋውም ሌሎች ንጹሐን ተጎዱ። ነፍስ አዳኙ ለብዙ ዓመታት የአውስትራሊያዊነት ምስል ተደርጎ ሲሳል ኖሯል፤ ጡንቻው የፈረጠመ፣ ፀሐይ ያጠየመው ነጭ ወጣት። ስለዚህ የሦስቱ መደብደብ ለዘረኞቹ ባንዲራ ሆነላቸው። ክለብ በጎ ሥራ ስለሠራ ብቻ ከክፉ ሥዕል አይድንም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን የሚያስከብር ነው። የነፍስ አድን ድርጅቱ፣ የአካባቢው ምክር ቤትና የፌዴራል መንግሥት ሆነው ከምዕራብ ሲድኒ፣ ከእኛው ሰፈሮች፣ የአረብ ተወላጅ ወጣቶችን ወስደው ነፍስ አዳኝ አድርገው አሠለጠኑ። ሒጃብ የሚለብሱ ልጃገረዶች በምን ይዋኙ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ሊባኖስ የተወለደችው አሂዳ ዛኔቲ የነደፈችው፣ ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው የመዋኛ ልብስ በክለቡ ቀለም፣ በቀይና በቢጫ ተሰፋ። ለእኔ በዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ከመቶ ዓመት በፊት ጎቸር በታገለለት የቀን ዋና ግዴታ የነበረው ልብስ ከዚህ ብዙም የማይለይ መሆኑ ነው።

አሁን ክለቡ በአንድ ተራ ቀን ምን እንደሚሠራ። እኔ ተረኛ በምሆንበት ዳርቻ ጠዋት መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አይደለም፤ ቆሞ ማየት ነው። የተረኞቹ አለቃ ባህሩን ለረጅም ጊዜ ይመለከታል። ማዕበሉ የት ይሰበራል፣ ጥቁሩ ውሃ የት ነው፣ ትናንት የነበረው ደለል ዛሬ የት ሄደ። ከዚያ ነው ባንዲራዎቹ የሚተከሉት፤ ሰዓታት ሲያልፉና ባህሩ ሲሸሽ ደግሞ ተነቅለው ይዛወራሉ። ለዚህ ነው ትናንት ልጆቻችሁ የዋኙበት ቦታ ዛሬ የተከለከለው፤ ሰው ሊያስቸግራችሁ ፈልጎ አይደለም። የጎማ ጀልባው ሞተር ይሞከራል። ይህ ጀልባ በ1969 በሲድኒ ሰሜን በአቫሎን ክለብ የተጀመረ ነው፤ ማጠንጠኛውን ከሥራ ያስወጣው እሱ ነው። ሬዲዮው ይፈተሻል፣ የልብ ማስነሻ ማሽኑ ባትሪ ይታያል፣ ሁሉም መዝገብ ላይ ይፈርማል። ከዚያ አብዛኛው ሥራ መናገር ነው። እባካችሁ ወደዚህ በኩል፣ እባክሽ ልጁን ያዢው። ጥሩ ተረኛ ቀን የሚባለው ማንም እግሩን ያላረጠበበት ነው።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ሕፃናቱ ይመጣሉ። ኒፐርስ ይባላሉ፤ ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት። የሚወዱት ጨዋታ አላቸው፦ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው በሆዳቸው አሸዋው ላይ ይተኛሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ዘለው ዞረው ሮጠው አሸዋው ላይ የተሰካ አጭር ቱቦ ይነጥቃሉ። ቱቦዎቹ ከልጆቹ ቁጥር በአንድ ያንሳሉ። ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ድንገት ተነስቶ መሮጥ ነፍስ አዳኝ የሚያስፈልገው ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የነሐስ ሜዳሊያውን ይፈተናል፤ 400 ሜትር በ9 ደቂቃ ውስጥ መዋኘት አለበት፣ ከዚያ ሌላም አለ። በአውስትራሊያ ዛሬ ከ300 በላይ ክለቦች ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ አባላት አሏቸው፤ ከ1907 ወዲህም ከ600 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከውሃ አውጥተዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መንግሥት ይደጉማል፣ ቀሪውን ግን እንደ ዕድር ነው የሚሰበስቡት። ቋሊማ በዳቦ ይሸጣሉ፣ የሥጋ ሎተሪ ያወጣሉ፣ አዳራሹን ለሠርግ ያከራያሉ። ጾመኛ ከሆናችሁ በነቢያት ጾም ሰሞን ከዳቦውና ከሽንኩርቱ በቀር የሚቀርብላችሁ እንደሌለ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። አባል ሲሞት ደግሞ ጓደኞቹ ሰሌዳቸውን ይዘው ወደ ባህር ይወጣሉ፤ ከማዕበሉ ማዶ ክብ ሠርተው ተቀምጠው አበባ ይበትናሉ፣ ውሃውን በእጃቸው እየመቱ ስሙን ይጠራሉ። ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ስለ እኛ አንድ ነገር ልበልና ለጥያቄ ልተው። በየዓመቱ በዚህ አገር በውሃ ከሚሞቱት መካከል ውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቻችን ደጋ ነው ያደግነው፤ ወንዝ ሲሞላ እንዳትሻገር ተብለን እንጂ ዋኝ ተብለን አላደግንም። ከሰፈራችን እስከ ባህር ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው፤ ክለቦቹ ደግሞ ያሉት ባለጠጎች በሚኖሩበት ዳርቻ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ በምክር ብቻ አይፈታም። ሆኖም አውቶቡስ ተከራይቶ ለንግሥ መሄድ የሚያውቅ ማኅበረሰብ በወር አንድ ጊዜ ልጆቹን ወደ ባህር ማድረስ አያቅተውም። ክለቡም ቢሆን በሩን የከፈተው ሁልጊዜ አንዱ ሲያንኳኳ ነው፤ ሴቶቹ አንኳኩተዋል፣ የሊባኖስ ልጆች ከብዙ መከራ በኋላ ገብተዋል። የእኛ ልጆች ግን ለመግባት የግድ የአንዳቸው ሞት ወይም ረብሻ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስፍሬአለሁ።

አንድ አባት፣ ኒፐርስ እሑድ ጠዋት ከሆነ ቅዳሴውስ ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአዋቂዎቹ ተራ ቅዳሜም ከሰዓት በኋላም ስላለ ችግር የለበትም፤ የሕፃናቱ ግን በአብዛኞቹ ክለቦች እሑድ ጠዋት ነው። ለክለቡ ጸሐፊ በግልጽ መንገር ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን አስቆርቦ ዘግይቶ ያመጣል፤ አንዳንዱም ልጁን በገንዳ ዋና አስተምሮ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ በኋላ በቀጥታ ወደ ተረኝነቱ ሥልጠና ያስገባል።

አንዲት እናት ደግሞ፣ እኔ ዋና አልችልም፣ ክለብ ገብቼ ምን እሠራለሁ አሉኝ። እማማ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መዝገብ የሚጽፍ፣ ሕፃናቱን ከአሸዋው ላይ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ለእነዚህ ሁሉ ዋና አያስፈልግም፣ ሥልጠናውን ክለቡ ይሰጣል። የተረኝነቱ ወቅት በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በእኛ መስቀል ሰሞን ይጀምርና እስከ ኤፕሪል 25 ገደማ ይቆያል። ምዝገባው የሚከፈተው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ ከእንቁጣጣሽ በፊት ደውሉ። ስልክ መደወል የሚከብዳችሁ ከሆነ ወረቀቱን አምጡልኝ፤ አብረን እንሞላዋለን።